ለንጉሡ ቤተሰብ አንድ አጋፋሪ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

የጥር ወር እየቀረበ ሲመጣ በጎንደር የነገሥታትን ዘመን የሚያሳይ ትዕይንት የሚያዘጋጁ ክበቦች፣ ትምህርት ቤቶችና ሆቴሎች ይበዛሉ። በዚህ ወር የደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ ንጉሥና እቴጌ ሆነው የሚቀርቡትን ሰዎች፣ ከነልጆቻቸውና ከነዘመዶቻቸው እንዴት እናስተናግድ? ስለዚህ አምዱን በሙሉ ለዚሁ ሰጥተነዋል።

ጥያቄ፦ የሰፈር ወጣቶች ክበብ ነን። በአፄ ፋሲል ዘመን የነበረውን ግብር፣ ማለትም የቤተ መንግሥቱን ግብዣ፣ የሚያሳይ ትዕይንት ልናቀርብ ነው። ንጉሥ የሚሆኑት የሦስት ልጆች አባት ናቸው፤ ባለቤታቸው እቴጌ ይሆናሉ፣ እናታቸውም አብረው ይመጣሉ። አምና ሁሉም “እኔ አለሁ” ብሎ በመጨረሻ ማንም አላስተናገደም። ከየት እንጀምር? (ከማራኪ)

መልስ፦ ከአንድ ሰው ጀምሩ፤ እሱንም አጋፋሪ በሉት። በጎንደር ቤተ መንግሥት ማዕረግ ሁሉ ሥራ ነበረው። አጋፋሪ እንግዳ ያስገባል፣ እልፍኝ አስከልካይ የእልፍኙን በር ይጠብቃል፣ ጠጅ አሳላፊ ያጠጣል፣ በጅሮንድ ዕቃ ቤቱን ይይዛል፣ ባልደራስ ፈረሱን ያዘጋጃል፣ ጸሐፌ ትእዛዝ ይጽፋል። እነዚህን ስሞች ለጌጥ ብቻ ለመድረክ ሰው አትስጧቸው። አስተናጋጆቻችሁን በእነሱ መድቧቸው፤ ልብሱንም አልብሷቸው። ያኔ ሥራውም ይሠራል፣ ትዕይንቱም ይደምቃል።

እስከ አሥር ሰው ለሚደርስ ቤተሰብ ስድስት አስተናጋጅ ይበቃል። እልፍኝ አስከልካዩ ከማረፊያው በር አይነቃነቅም። ጠጅ አሳላፊው ውሃና መጠጥ ብቻ ይይዛል። በጅሮንዱ ዘውዱን፣ ካባውንና ጌጣጌጡን በሚቆለፍ ሣጥን ያስቀምጣል፤ ቤተሰቡ የሚያወልቀውን የእጅ ሰዓት፣ የጋብቻ ቀለበትና ስልክም በዝርዝር ጽፎ ይረከባል። ባልደራሱ ባጃጁንና መኪናውን ያስተካክላል። ጸሐፌ ትእዛዙ ሰዓት ይጠብቃል። አጋፋሪው ደግሞ እነዚህን አምስቱን ይመራል፣ ከቤተሰቡም ዓይኑን አይነቅልም። አጋፋሪውን መድረክ መሪ ወይም ትኬት ቆራጭ አታድርጉት። ብዙ ዝግጅት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ የንጉሡ ቤተሰብ የሚደርስበት ሰዓትና መድረኩ ሰው የሚፈልግበት ሰዓት አንድ ስለሆነ ሁለት ሥራ የያዘ ሰው አንዱን መጣሉ አይቀርም።

ከዝግጅቱ ሁለት ሳምንት በፊት አጋፋሪው ወደ ቤታቸው ሄዶ ቁጭ ብሎ ይጠይቅ። ስንት ሰው ይመጣል፣ ዕድሜያቸውስ? ማን የዘመኑን ልብስ ይለብሳል፣ ማን በራሱ ልብስ ይቀመጣል? ስኳር፣ ደም ግፊት ወይም የሚጥል በሽታ ያለበት፣ በሰዓት መድኃኒት የሚወስድ አለ? ማን ይጾማል? እናትየው ደረጃ መውጣት ይችላሉ? ልጆቹ ከደከሙ ማን ይወስዳቸዋል? ስንት ሰዓት ላይ የግድ መሄድ አለባቸው? መልሱ በአንድ ገጽ ተጽፎ ሦስት ቅጂ ይኑረው፦ አንዱ ለአጋፋሪው፣ አንዱ ለእልፍኝ አስከልካዩ፣ አንዱ ለወጥ ቤቱ። “እናውቃቸዋለን እኮ፣ ጎረቤታችን ናቸው” ብላችሁ አትለፉት። ጎረቤትም ቢሆን መድኃኒቱን በስንት ሰዓት እንደሚውጥ አይነግራችሁም።

በዋዜማው መንገዱን አብራችሁ ሂዱበት። ከመኪናው እስከ ማረፊያው፣ ከማረፊያው እስከ ዙፋኑ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ካባ የለበሰ ሰው አስሄዳችሁ ለኩ። የእቴጌይቱ ሹሩባ በዋዜማው ይሠራ፤ ጠዋት ከተጀመረ መርሐ ግብሩን ሁሉ ይዞ ይንሸራተታል። ልብስ ለማልበስ ለንጉሡ 30፣ ለእቴጌይቱ 45 ደቂቃ ያዙ። ቤተሰቡ ትዕይንቱ ከሚጀመርበት ሁለት ሰዓት ቀድሞ ይግባ።

ስለ አጠራር፦ ካባው ትከሻ ላይ ካረፈበት ደቂቃ ጀምሮ “ጃንሆይ” እና “እቴጌ” ይባሉ፣ አስተናጋጆችም አደግድገው ይቅረቡ። በጎንደር ዘመን የንጉሥ ወንድ ልጅ “አቤቶ”፣ ሴቷ “ወይዘሮ” ትባል ነበር። ወይዘሮ ለማንኛዋም ባለትዳር መጠሪያ የሆነው ኋላ ነው፤ ስለዚህ የስድስት ዓመቷን ልጃቸውን ወይዘሮ ብላችሁ ብትጠሯት ትክክል ናችሁ።

ጥያቄ፦ በሆቴላችን ግቢ ለንጉሣውያኑ ማረፊያ ድንኳን እንድንተክል ታዘናል። ውስጡ ምን ምን ያስፈልጋል? (ከፒያሳ)

መልስ፦ ለስምንት ሰው 4 በ4 ሜትር የሆነ ድንኳን ይበቃል። ከዙፋኑ ኋላ፣ ከ50 እርምጃ ባልራቀ ቦታ ይተከል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ከምዕራብ ስለምትመታ በሩ ወደ ምሥራቅ ይዙር። መሐሉን በመጋረጃ ክፈሉት፦ ፊተኛው እንግዳ መቀበያ፣ ኋለኛው ልብስ መቀየሪያ፣ ማጥቢያና መተኛ። ነገሥታቱ ግብር ሲያገቡ ራሳቸው ከመጋረጃ ጀርባ ሆነው ይበሉ ነበር፤ ዛሬም መጋረጃው የዚያኑ ያህል ይጠቅማል። ሰው እየጎረሰ ፎቶ ሲነሳ አይወድም።

ከመጋረጃው ወዲህ ስጋጃ፣ መከዳ፣ መደገፊያ ያላቸው ሁለት ወንበሮችና በርጩማዎች ይኑሩ። መደገፊያ የሌለው መቀመጫ ላይ ከባድ ካባ የለበሰ ሰው ወገቡን ያመዋል። ከመጋረጃው ወዲያ ደግሞ ፍራሽ፣ ጋቢ፣ መስታወት፣ የልብስ መስቀያ፣ መርፌ ቁልፍ፣ መርፌና ክር፣ ሶፍት፣ ፕላስተር፣ የራስ ምታት ክኒን፣ ሁለት ፓኬት ኦ አር ኤስ፣ የፀሐይ ቅባት፣ ነጠላ ጫማና ዝንብ ማባረሪያ ጭራ ይቀመጥ። ውሃው በሰው በቀን 3 ሊትር ይታሰብ፤ ለአሥር ሰው 30 ሊትር ነው። የእጅ መታጠቢያው ውሃ ከዚህ ውጭ ነው። ጥር ውስጥ የጎንደር ቀን ያቃጥላል፣ ከ12 ሰዓት ጀምሮ ደግሞ ይበርዳል፤ ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ጋቢ አስቀምጡ።

ዝግጅቱ በፋሲል ግቢ ወይም በሌላ ቅርስ ቦታ ከሆነ ፈቃዱ በጽሑፍ ይሁን፣ ካስማም አትምቱ። ግድግዳ ላይ ምስማር፣ ሙጫ፣ ሻማ፣ ችቦ አይታሰብም፤ የኖራው ልስን አንዴ ከተላጠ እንደ ሲሚንቶ በአንድ ቀን አይጠገንም። ድንኳኑን በክብደት ያዙት። በእያንዳንዱ እግር ውሃ የሞላ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይታሰር፤ ከሰዓት ነፋስ ከተነሳ ሁለት ሁለት ይሁን። ጀሪካኑን በጨርቅ ካለበሳችሁት ዓይን አይረብሽም።

አሁን ማንም የማይጠይቀን፣ ግን ከሁሉ በላይ ችግር የሚያመጣው መጸዳጃ ነው። እቴጌይቱ የከፋይ (ቬልቬት) ካባ፣ ጥልፍ ቀሚስና ዘውድ አድርገው ጠባብ መጸዳጃ ቤት ብቻቸውን መግባት አይችሉም። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ዘውዱ ወርዶ ለበጅሮንዱ፣ ቀጥሎ ካባው ለደንገጡሯ፣ ማለትም ለእቴጌይቱ ሴት አገልጋይ፤ ከዚያ ደንገጡሯ የቀሚሱን ጠርዝ ዙሪያውን ሰብስባ በሰፊ መቀነት ወገብ ላይ ታስረዋለች፣ ነጠላ ጫማ ይቀየራል። ሲመለሱም በተቃራኒው። 15 ደቂቃ ይፈጃል። በመርሐ ግብሩ ላይ በየሁለት ሰዓቱ ይህን ጊዜ ጻፉት። ካልጻፋችሁት ምን እንደሚሆን እናውቃለን፦ ሰዎቹ ላለመቸገር ሲሉ ውሃ መጠጣት ያቆማሉ፣ ስምንት ሰዓት ላይ ከዙፋኑ ሲነሱ ዓይናቸው ይጨልማል፣ አዙሯቸው ይወድቃሉ። ሕዝቡ ፀሐይ መታቸው ይላል፤ የመታቸው ጥማት ነው።

ጥያቄ፦ ለንጉሡ ቤተሰብና ለአጃቢዎቻቸው፣ በአጠቃላይ ለ25 ሰው፣ ምግብ እንድሠራ ተነግሮኛል። ምን ልሥራ፣ ስንት ልሥራ? ቀኑ ከጥምቀት ጋር የተጠጋ ነው። (ከልደታ)

መልስ፦ በመጀመሪያ ቀኑን ይወቁ። ጥር 10 ገሃድ ነው፣ ይጾማል። ጥር 11 ጥምቀት ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢውልም ይበላል። ከዚያ በኋላ ያሉት ረቡዕና ዓርብ የጾም ናቸው። ትዕይንቱ ታኅሣሥ ውስጥ ከሆነ ደግሞ ጾመ ነቢያት አለ። አጋፋሪው ይዞት ከመጣው ወረቀት ላይ ማን እንደሚጾም ያንብቡ፤ ከሰባት ዓመት በታች ያሉ ልጆች ስለማይጾሙ በጾም ቀንም ቢሆን ለእነሱ ወተትና እንቁላል ይኑር።

ለፍስክ ቀን፣ ለ25 ሰው ዶሮ ወጥ ከሆነ 4 ዶሮ ይያዙ። እያንዳንዱ 12 ብልት ስለሚወጣው 48 ብልት ይሆናል፤ ለአንድ ሰው ሁለት ገደማ ነው። እንቁላል 30፣ የተላጠ ሽንኩርት 8 ኪሎ፣ በርበሬ 1 ኪሎ፣ ንጥር ቅቤ 1 ኪሎ። እንጀራ በሰው ሦስት አስበው 80 ያስጋግሩ። ለልጆችና ሆዳቸውን ለሚያማቸው አልጫ ለብቻ ይሠራ፤ ከቀዩ ወጥ ላይ ቀንሶ ውሃ መጨመር አልጫ አያደርገውም። ሽንኩርቱን በዋዜማው ማታ አቁላልተው ያሳድሩ፣ ዶሮውን ግን በዕለቱ ጠዋት ይጨምሩ። ወጡ ከምድጃ ከወረደ እስከሚበላ ከሁለት ሰዓት አይለፍ፤ በድስቱ እንዳለ በጋቢ ጠቅልለው ያጓጉዙት። ለብ ብሎ ፀሐይ ላይ የዋለ ዶሮ ወጥ የንጉሥ ቤተሰብን ሆስፒታል ያስገባል።

ለጾም ቀን ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመንና ስልጆ ይበቃል። አንድ ነገር አጥብቀን እንመክርዎታለን፦ የሱፍ ፍትፍት። ቀዝቃዛ ነው፣ ለፀሐይ ይስማማል፣ ልብስ ላይ ቢንጠባጠብም ቀይ ወጥ እንደሚያደርገው ሙካሹን (የወርቅ ክር ጥልፉን) አያበላሽም። ንጉሡ ከመድረክ በፊት የሚበሉት ነገር ቀይ ባይሆን ይመረጣል።

ጥሬ ሥጋ ግብሩን ያሳምራል፣ እውነት ነው። ማኅተም ያረፈበት የቄራ ሥጋ ካልሆነ ግን አያቅርቡ። ከቀረበም ጥላ ሥር፣ ተሸፍኖ፣ በቶሎ የሚያልቅ ይሁን፤ ለልጆችና ለነፍሰ ጡሮች አይሰጥ። ከተዋንያኑ ወይም ከእንግዶቹ መካከል ሙስሊም ካለ የሙስሊም ሥጋ በተለየ ድስት፣ በተለየ ቢላዋ፣ በተለየ አሳላፊ ይዘጋጅ። “ዓሣ ይበሉ” ብሎ ማለፍ አይገባም፤ በዚህች ከተማ አብሮ የኖረ ሕዝብ ይህን ጠንቅቆ ያውቃል።

ጠጁ ትዕይንቱ ሲያልቅ ይቀዳ። ካባ ለብሶ ፀሐይ ላይ የሚቀመጥ ሰው በሁለት ብርሌ ይከብደዋል። ከዚያ በፊት ለሁሉም ብርዝ ያጠጡ፦ አንድ እጅ ማር በአምስት እጅ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ፣ በዕለቱ ተበጥብጦ በዕለቱ የሚያልቅ። አሳላፊው ከመስጠቱ በፊት በመዳፉ ጠብ አድርጎ ይቅመስ፤ የቀድሞ ሥርዓት ነው፣ ሕዝቡም ሲያየው ይወደዋል። የፕላስቲክ ውሃ በዋንጫ ተቀድቶ ይቅረብ።

ሁለት ነገሮች ደግሞ ከንጉሡ መሶብ ይራቁ። ድንች ወደ አገራችን የገባው በ19ኛው መቶ ዓመት ነው፤ አፄ ፋሲል አልበሉትም። ቡናም በጎንደር ዘመን ክርስቲያኑ የሚጠጣው መጠጥ አልነበረም። ስለዚህ ረከቦትና ጀበና ዙፋኑ ፊት መደርደሩን ይተዉት፤ ቡናውን ከመጋረጃው ወዲያ ያፍሉላቸው፣ እዚያ በጣም ይፈለጋል።

ጥያቄ፦ የሰባት ዓመት ልጄ ሕፃኑን አፄ ኢያሱን እንዲሆን ተመርጧል። ደስ ብሎኛል፣ ግን ፈርቻለሁ። ሙሉ ቀን ይቀመጣል ይሉኛል። (ከአዘዞ)

መልስ፦ ሙሉ ቀን አይቀመጥም፤ እሺ አይበሉ። ሰባት ዓመት የሆነው ልጅ በአንድ ጊዜ 20 ደቂቃ፣ በቀኑ በድምሩ ከሁለት ሰዓት ያልበለጠ መድረክ ላይ ይቆይ። ከአራት ዓመት በታች ያለ ልጅ አልፎ ከመታየት በቀር መድረክ ላይ ባይቀመጥ ጥሩ ነው።

ዳግማዊ ኢያሱ እ.ኤ.አ. በ1730 ሲነግሡ ሕፃን ነበሩ፣ መንግሥቱንም የያዙት እናታቸው እቴጌ ምንትዋብ ናቸው። ስለዚህ እናት ከልጇ ዙፋን አጠገብ ብትቀመጥ ታሪኩ ራሱ የሚለው ነው። እቴጌይቱን እርስዎ ባይሆኑም የሞግዚት ልብስ ለብሰው እጅዎ በሚደርስበት ርቀት ይቁሙ፤ አዘጋጆቹን ይህን በግልጽ ይጠይቁ። ከልጁ ጋር ምልክት ይስማሙ። ጆሮውን ከነካ ያለ ምንም ጥያቄ ወዲያው ይውጣ። ምልክቱን በቤት ውስጥ ሦስት አራት ጊዜ ሞክሩትና በእርግጥ እንደሚሠራ ይይ፤ ያመነ ልጅ ብዙ ጊዜ አይጠቀምበትም።

ዘውዱ የቆርቆሮ አይሁን፤ በጨርቅ የተለበጠ ካርቶን ወይም ስስ ቆዳ ይበቃል። የቀሚሱ ጫፍ ከመሬት አራት ጣት ከፍ ይበል፤ የፋሲል ግቢ ደረጃዎች እኩል ስላልሆኑ ልጅ የሚወድቀው ሲወርድ ነው። ከነጋሪቱ ቢያንስ አሥር እርምጃ ይራቅ። በየእረፍቱ ሙዝና ዳቦ ይስጡት፤ ጣፋጭ ብቻ የበላ ልጅ ከአንድ ሰዓት በኋላ ያለቅሳል።

ፋሲል ግቢ 900 ሜትር ገደማ አጥርና 12 በሮች አሉት። የትኞቹ በሮች በዕለቱ ክፍት እንደሆኑ አጋፋሪው ይንገርዎት። በልብሱ ውስጥ ስልክ ቁጥርዎ በጨርቅ ተጽፎ ይሰፋ። ከተጠፋፋችሁ የምትገናኙበት ቦታ አንድ ብቻ ይሁን፤ ጃን ተከል ዋርካውን ልጅ አይረሳውም። ቱሪስት ፎቶ ለማንሳት ሲመጣ የሚፈቅደው ወይም የሚከለክለው እልፍኝ አስከልካዩ ነው፤ እርስዎን ሳይጠይቅ ለማንም እሺ አይበል።

ጥያቄ፦ የንጉሡ ወንድሞችና አጎቶች “እኛም የንጉሥ ዘመድ ነን” ብለው ዙፋኑ አጠገብ መቀመጥ ይፈልጋሉ። መድረኩ ጠባብ ነው። እንዴት እንመልሳቸው? (ከሳሙና በር)

መልስ፦ ታሪኩ ይመልስላችኋል። ከአፄ ፋሲል ጀምሮ የንጉሥ ወንድሞችና አጎቶች ወህኒ አምባ ላይ ተጠብቀው ነበር የሚኖሩት፤ ከዙፋኑ አጠገብ ቦታ አልነበራቸውም። ይህን በፈገግታ ከነገራችኋቸው በኋላ የራስ፣ የደጃዝማችና የፊታውራሪ ልብስ አልብሳችሁ በመኳንንቱ ረድፍ ፊት ለፊት አስቀምጧቸው። ከመድረኩ ይልቅ ፎቶ የሚያምረው እዚያ ነው። ለሽማግሌ አጎት ግን ማዕረጉ ምንም ይሁን መደገፊያ ያለው ወንበር ይሰጥ።

ጥያቄ፦ ባለፈው ትዕይንት ንጉሥ የነበረው ሰው ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ዘውዱ ራሱን አመመው፣ ካባውም አነቀው። ዘውዱን የሠራሁት እኔ ነኝ። ልኩን በትክክል ነበር የወሰድኩት። (ከብልኮ)

መልስ፦ ልኩ ትክክል ነው፣ ቅርጹ ግን ክብ ነው። የሰው ራስ ክብ አይደለም፤ ከፊት ወደ ኋላ ይረዝማል። ዙሪያው ልክ የሆነ ክብ ቀለበት በግንባርና በማጅራት ሲጫን በጎንና በጎን ክፍት ይተዋል፣ ክብደቱ ሁሉ በሁለት ነጥብ ላይ ይወድቃል። ሕመሙም ከእነዚያ ሁለት ነጥቦች ይነሳል። ቀለበቱን ሳይዘጉት ሞላላ አድርገው ያጉብጡት፤ ርዝመቱ ከስፋቱ 3 ወይም 4 ሴንቲ ሜትር ይብለጥ። ልኩን ሲወስዱ ሻሽ ካሰረ ራስ ላይ ይውሰዱ፣ ለሱፍ ልባስ አንድ ሴንቲ ሜትር ይጨምሩ። የታችኛውን ጠርዝ ወደ ውጭ ጠቅልለው ይምቱት፤ ያልተጠቀለለ ነሐስ ግንባር ይቆርጣል። ጠቅላላ ክብደቱ 700 ግራም ባያልፍ ጥሩ ነው። ዘውዱን ግንባር ላይ ከማቆም ይልቅ ሻሹ ይሸከመው፤ ላብ ሲመጣም አይንሸራተትም።

ካባው ያነቀው ማሰሪያው ጉሮሮ ሥር ብቻ ስለሆነ ነው። ከፋይ ካባ ከሙካሹና ከገበሩ ጋር አምስት ኪሎ ሊደርስ ይችላል፣ ሁሉም ወደ ኋላ ይጎትታል። ከውስጥ በኩል ሁለት ሰፋፊ የጥጥ ማንገቻዎች ይስፉ፦ ከትከሻው ተነስተው በብብት ሥር ዞረው ደረት ላይ የሚታሰሩ፣ እንደ ተማሪ ቦርሳ። ክብደቱ ያኔ ትከሻ ላይ ያርፋል። የአንገቱ ማሰሪያ ለጌጥ ብቻ ላላ ብሎ ይቅር። ገበሩ ጥጥ ይሁን፤ ሰው ሠራሽ ጨርቅ ላቡን አያወጣም። ሲያልቅ ካባውን ገልብጠው ጥላ ላይ ያንጥፉት፣ ሽቶ አይርጩበት። ላብና ሽቶ ሙካሹን ያጠቁሩታል።

አንድ ተጨማሪ ምክር ለአዘጋጆቹ፦ ምትክ ንጉሥ ያዙ። ነገሥታቱ ጦር ሜዳ ላይ የእነሱን ልብስ ለብሶ ጠላት የሚያሳስት ሊቀ መኳስ ነበራቸው። ቁመቱና ራሱ ከንጉሡ ጋር የሚቀራረብ ሰው ሊቀ መኳስ ብላችሁ ብትመድቡ ንጉሡ ለግማሽ ሰዓት ገብተው ያርፋሉ፣ ዙፋኑም ባዶ አይሆንም።

ጥያቄ፦ ንጉሡ በፈረሴ እንዲገቡ ተስማምተናል። ፈረሱ ጨዋ ነው፣ ነጋሪት ግን ሰምቶ አያውቅም። (ከጠዳ መንገድ)

መልስ፦ ቢያንስ አሥር ቀን ያስፈልግዎታል። ገብሱን እየበላ ሳለ በ60 እርምጃ ርቀት አንድ ሰው ነጋሪቱን ቀስ አድርጎ ይምታ። ቀና ብሎ አይቶ ወደ ገብሱ ከተመለሰ በማግሥቱ አምስት እርምጃ ይቅረቡ። ጆሮውን ወደ ኋላ ከጣለ ወይም መብላቱን ካቆመ አሥር እርምጃ ይመለሱ፤ አያስገድዱት። ለንጉሡ የሚያዘውን ጥላም ለብቻው ያስለምዱት፦ መጀመሪያ ተዘግቶ ያሽትተው፣ ከዚያ ፊቱ ላይ ቀስ ብሎ ይከፈት። ከኋላው ድንገት የሚከፈት ጥላ በጣም ያስደነግጠዋል። የካባው ጫፍ ጎኑን ሲመታም እንዳይደነግጥ ጋቢ ጣል አድርገው ያሂዱት።

በዕለቱ ሁለት ሰው ከግራና ከቀኝ ልጓሙን ይያዝ። ጋልቦ የማያውቅ ሰው ፈረስ ላይ ሆኖ ጭብጨባው መሐል አይግባ፤ ከመድረኩ 30 እርምጃ ሲቀር ይውረድና በእግሩ ይግባ። ብዙ እግር ያለሰለሰው ድንጋይ ላይ ኮቴ ይንሸራተታል። ልጅ አቅፎ መጋለብን ፈጽሞ አይፍቀዱ፣ አባትየው ቢለምንም።

ጥያቄ፦ አስጎብኚ ነኝ። ከአሜሪካ “ንጉሥና ንግሥት” ነን የሚሉ፣ የመካከለኛውን ዘመን የአውሮፓ ሕይወት እየለበሱ የሚያሳዩ ሰዎች ከልጆቻቸው ጋር ሊመጡ ነው። ምን ዓይነት ንጉሥ ናቸው? እንዴትስ ልቀበላቸው? (ከቀሐ ሠፈር)

መልስ፦ ከእነዚህ ማኅበራት ትልቁ ሶሳይቲ ፎር ክሪኤቲቭ አናክሮኒዝም የሚባለው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1966 በካሊፎርኒያ፣ በርክሌይ ተጀመረ። ማኅበሩ ዓለምን በ20 “መንግሥታት” ከፍሎታል። ንጉሡ በዘር አይነግሥም፤ ጋሻ ይዞ፣ ጥሩር (የብረት ልብስ) ለብሶ፣ ከራታን እንጨት በተሠራ ሰይፍ ተጋጥሞ ያሸነፈ ነው የሚነግሠው። የትዳር ወይም የግጥሚያ አጋሩም አብራው ትነግሣለች። ዘመናቸው በአብዛኛው ግማሽ ዓመት ያህል ነው፣ ከዚያ ለተተኪው ያስረክባሉ። ለዚህ ብለው ቅዳሜና እሑድ ሁሉ ይጓዛሉ፤ የደከሙና ጊዜ የሚያጥራቸው ሰዎች መሆናቸውን አይርሱ።

እነሱም አጃቢና የራሳቸው አጋፋሪ አላቸው። ከእርሱ ጋር ቀድመው ይጻጻፉ፦ የምግብ አለርጂ፣ የልጆች ዕድሜ፣ በዘመኑ ልብስ የሚታዩባቸው ሰዓቶችና በራሳቸው ልብስ መሆን የሚፈልጉባቸው። ይህ የመጨረሻው በጣም አስፈላጊ ነው፤ ጂንስ የለበሰን ሰው “ግርማዊነትዎ” ብሎ ሕዝብ ፊት መጥራት ያሳፍረዋል። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍ ያለች ስለሆነች ጥሩር ለብሰው ግጥሚያ ማሳየት ከፈለጉ ቢያንስ ሁለት ቀን ያርፉ፣ ዙሩም ከሁለት ደቂቃ አይለፍ። የታሸገ ውሃ ብቻ ይጠጡ፣ ጥሬ ሥጋ አይቅረብላቸው። ጥምቀት ላይ ከመጡ ሰይፍና ዘውዳቸውን ሆቴል ትተው ነጭ ለብሰው ይውጡ። ታቦት በሚያልፍበት መንገድ ሌላ ንጉሥ የለም፤ ይህን አስቀድመው በትሕትና ቢነግሯቸው ያከብሩታል።

ጥያቄ፦ ለንጉሡ የሚያዝ ጥላ ከደብራችን ተውሰን መጠቀም እንችላለን? ካህናቱ እምቢ አይሉንም ብለን ነው። (ከቁስቋም)

መልስ፦ አትጠይቁ። የቤተ ክርስቲያን ጥላ፣ መስቀልና ከበሮ ለአገልግሎት የተለዩ ናቸው፤ እምቢ ማለት የሚቸግራቸውን አባቶች አታስጨንቁ። የራሳችሁን ሥሩ። ምሰሶው 2 ሜትር ከ20፣ ከላይ ስምንት ስስ የቀርከሃ አጥንት፣ ቀይ ወይም አረንጓዴ ከፋይ፣ ጠርዙ ላይ ዘርፍ። አናቱ ላይ መስቀል አታድርጉበት። ነፋስ እንዳይገለብጠው ከአናቱ አጠገብ አራት ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ተውለት፣ በሁለተኛ ጨርቅም ሸፍኑት። ተሸካሚው ከንጉሡ ግማሽ እርምጃ ኋላ፣ ፀሐይ ባለችበት ወገን ይቁም፤ ክንዱ ስለሚዝል በየ20 ደቂቃው ሌላ ይተካው።